ከንስሩ አጠገብ ያለች ወንበር

ንስሩ ሰው አያምንም። ይህን ስል እያማሁት እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ በኩራት የሚናገረው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት ከእናቱ ጡት ጋር የጠባት ይመስላል። በር ቆልፎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይገፋዋል፣ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ለሌላ ሐኪም ያሳያል፣ ሰው ከመንገድ ማዶ ፈገግ ካለለት ደግሞ «ይሄ ምን ሊለምነኝ ነው?» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ጠባዩ ጎረቤት ያጣበት ነበር። ንስሩ ግን የስፖርት ጋዜጠኛ ስለሆነ ደመወዝ ተከፈለበት። አሰልጣኙ «አጥቂያችን ሙሉ ጤነኛ ነው» ሲል፣ እሱ «እንግዲያው ጉልበቱን ተጎድቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ምን ይደረጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።

ቅጽል ስሙም እንዲሁ አልመጣም። ወጣት ሳለ ሥራው ጋዜጣው ቤት ቁጭ ብሎ ከየሜዳው በስልክ የሚነገረውን ውጤት መቀበል ነበር። አንድ ቀን ዋናው ዘጋቢ ታመመና «በል አንተ ሂድ» ተባለ። በዚያ ጨዋታ አንድ አጥቂ በግርግር መሐል ኳሷን በእጁ ገፍቶ አገባት። ዳኛው አላየ፣ ሬዲዮው አላየ፣ ሕዝቡ አላየ። እሱ አየና ጻፈ። ሲሰደብ ሰነበተ፤ ኋላ ግን አጥቂው ራሱ «አዎ፣ በእጄ ነው» ብሎ አመነ። ከዚያ ወዲያ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ ጠፋ፤ ንስሩ ሆኖ ቀረ። ጋዜጣው የትልልቅ ጨዋታዎችን ዘገባ ሰጠው። ቆይቶም አንድ ሳምንታዊ የስፖርት መጽሔት የመጨረሻውን ገጽ ለቀቀለትና «ከጥግ ወንበር» የሚል አምድ ከፈተ። ሰዉ መጽሔቱን ከኋላ ገልጦ ነው የሚጀምረው። ሲነክስ ይነክሳል፣ ሲያስቅ ደግሞ አንጀት ያቆስላል።

እንግዲህ አስቡት፤ እንዲህ ያለውን ሰው ዓይኑ ከዳው።

አንድ እሑድ በሩቁ ጎል በኩል ያሉት ተጫዋቾች ቁጥራቸው ጠፋበት። መጀመሪያ «ምን ዓይነት ርካሽ ማሊያ ነው ያለበሷቸው?» ብሎ ክለቡን ጠረጠረ። ቀጥሎ መነጽር ሠሪውን ጠረጠረ። በመጨረሻ ተደብቆ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ከዚያም ሌላ ሐኪም ዘንድ እንደሄደ መናገር አያስፈልገኝም። ሁለቱም አንድ ነገር ነገሩት። ሩቁ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ መነጽርም ቀዶ ሕክምናም አይመልሰውም፣ ጠብታው የሚጠቅመው እንዳይፈጥን ብቻ ነው። የቅርቡ ግን ብርሃን እስካለ ይቆይልዎታል አሉት። የቅርቡ! ኳሱን ጉልበቱ ላይ መጥተው የሚጫወቱለት ይመስል።

ለማንም አልተናገረም፤ ለባለቤቱም ቢሆን። የጠብታውን ብልቃጥ የካልሲ መሳቢያው ውስጥ ከካልሲ ሥር ቀበረው። ንስሩ ዓይኑ ደከመ ከተባለ ምን ቀረው? ጋዜጣው ቤት ቦታውን የሚመኝ ሞልቷል። «ጋሼ፣ አሁንስ ይረፉ» ብለው አበባ ያሸክሙትና ቤቱ ይሰዱታል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ምን ሊያደርግ? ሌላ ሙያ የለው። ከስታዲየም ወንበሩ ላይ ከመነሳት መሞት ይሻለው ነበር፤ በእውነት ነው የምላችሁ፣ እንዲያ ነበር የሚሰማው። ስለዚህ ዘዴ ፈለገ፤ ዘዴውም ጆሮው ሆነ።

በስታዲየሙ የጋዜጠኞች መቀመጫ ታችኛው ረድፍ ላይ፣ ከንስሩ በስተግራ፣ የሬዲዮው የኳስ አስተላላፊ ይቀመጣል። ሰዉ ጎርፉ ይለዋል፤ አፉ አንዴ ከተከፈተ መገደቢያ የለውማ። ሁለቱ አብረው ነው ያረጁት። ዝናብ አብረው መቷቸዋል፣ ተሰድበዋል፣ ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው መልሰው ታርቀዋል። ጎርፉ ማይኩን ይዞ ሲያስተላልፍ ንስሩ ከጎኑ ይሰማል። ድሮ እየሰማ ይስቅበት ነበር፤ አሁን ግን እየሰማ ይጽፋል። ጎርፉ «ኳስ ለአራት ቁጥር» ሲል፣ ንስሩም አንገቱን ደፍቶ «አራት» ይጽፋል። ምስጢሩ ይኸው ነው። ማንም አላወቀብኝም ብሎ ያስብ ነበር።

ጥርጣሬው የጀመረው በወንበር ነው። በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ አንዲት ባዶ ወንበር ነበረች፤ የጎርፉ ቦርሳ፣ ሽቦና ኮት ማስቀመጫ። አንድ ቀን ንስሩ ሲመጣ ቦርሳው መሬት ወርዷል፤ ጎርፉም ራሱ እዚያች ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፣ ትከሻ ለትከሻ።

«ምነው ተጠጋህ?» አለው ንስሩ።

«ብርዱ ነዋ!»

ብርድ! ፀሐዩ አናት ይበሳል። ንስሩ ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ አምኖት ግን እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎርፉ አስተላለፍም ተለወጠ። ድሮ «ይሄ ልጅ ኳስ ያናግራል እኮ!» እያለ የሚያሽሞነሙነው ሰውዬ፣ ወሬው ሁሉ ቁጥር ብቻ ሆነ። «ሰባት ቁጥር ያዘ፣ ሰባት፣ በግራ መስመር፣ ለዘጠኝ ሰጠ፣ ረጅሙ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ መታ፣ በረኛው ወደ ቀኙ፣ ወደ ውጪ!» ደግሞ ቁጥሩን ሲጠራ ፊቱን ወደ ንስሩ ያዞራል። ንስሩ ማስታወሻውን በክንዱ ጋረደ። «እየፈተነኝ ነው» አለ በልቡ። «እየጠራ የምጽፈውን ያያል። አንድ ቀን ሆን ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይጠራና፣ እኔ ስጽፈው እጅ ከፍንጅ ይይዘኛል።»

ምን አግኝቶ ይይዘዋል ብትሉት ለዚህም መልስ አያጣም። አምዱን ፈልጎ ነዋ! ጎርፉ አንድ ጊዜ ሻይ ሲጠጡ «ሬዲዮ ነፋስ ነው ወንድሜ፤ ተናገርከው፣ ሄደ። ያንተ ግን ይቀመጣል» ብሎት ነበር። ያን ጊዜ ምስጋና መስሎት ሻዩን ከፍሎለታል። አሁን ግን ያቺ ቃል ምቀኝነት ሆና ታየችው፤ ሻዩም ቆጨው።

ይባስ ብሎ የጠብታው ነገር መጣ። ከጨዋታ በኋላ እዚያው የለመዱት ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳለ፣ ጎርፉ ስኳሩን እያማሰለ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ጠብታው ይቆጠቁጣል አይደል? አጎቴም ሲያደርግ እንባ እንባ ይለው ነበር» አለ።

ንስሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የምን ጠብታ?»

«ኧረ… ማለቴ… ዓይንህ ቀላብኝና… አቧራው ነው መሰለኝ።» ጎርፉ፣ ያ ቃል ጠፍቶበት የማያውቀው ሰው፣ ተንተባተበ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ? ይኸው አመለጠው። ስለ ጠብታው ከሐኪሞቹና ከካልሲው መሳቢያ በቀር የሚያውቅ ማን አለ? ንስሩ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሲያብሰለስል፣ የካልሲውን መሳቢያ የሚከፍት ሌላ አንድ ሰው እንዳለ ትዝ አለው።

ቤት ሲገባ ባለቤቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«ጎርፉ እዚህ ደውሎ ያውቃል?»

«ለምን ይደውላል?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እኔ ነኝ የምጠይቅሽ።»

«እንግዲህ ጀመረህ! ዛሬ ደግሞ ተራው የኔ ነው? ይልቅ በጨለማ ሻይ ስትቀዳ ጣትህን ብርጭቆው ውስጥ መንከር ተው፤ ተቃጥለህ ልታልቅ ነው።»

ንስሩ ጣቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አየችው ማለት ነው። ስንት ጊዜ አየችው? አይታስ ለማን ነገረች? ያን ምሽት ባለቤቱ ያቀረበችለትን እራት እንኳን አገላብጦ አይቶ ነው የበላው፤ ወይ ጉድ፣ ስንት ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት!

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት ጋዜጣው ቤት ሲገባ፣ ከስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ። ኃላፊዋ ልጅ እግር ናት፤ «ጋሼ» እያለች ተነስታ ታስቀምጠዋለች፤ እሱ ግን አክብሮቷንም ይጠረጥራል። ድምፁ የጎርፉ ነው። የሬዲዮ ሰው ጋዜጣ ቤት ምን ይሠራል? በሩን ሳያንኳኳ ከፈተው። ጎርፉ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እንዲያው ሰላም ልበላት ብዬ ነው» አለ ጎርፉና ኮቱን አንስቶ ወጣ።

«ምንድን ነው የፈለገው?» አላት።

«ምንም አይደል ጋሼ። ስለ ስታዲየሙ መቀመጫ ነገር ነው።»

መቀመጫ! አለቀ፤ ሌላ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል? ሰውዬው መጀመሪያ ባዶዋን ወንበር ያዘ፣ አሁን ደግሞ የእሱን ሊወስድ ነው። ንስሩ ቢሮው ገብቶ በሩን ቆለፈ፤ ቆልፎም ገፋው። ፈራ፤ ፈርቶም ተናደደ። ያም ሆኖ ራሱን ፍትሐዊ ሰው አድርጎ ስለሚያይ አንድ የመጨረሻ ዕድል ልስጠው አለ፤ ወጥመድ ማለቱ ነው።

በሚቀጥለው ጨዋታ አምስት ቁጥር እንደማይሰለፍ ከአሰልጣኙ አፍ ሰምቶ ነበር። ጨዋታው ሲሟሟቅ ጠብቆ፣ ለጎርፉ ጆሮ በሚበቃ ድምፅ፣ «አቤት፣ ይሄ አምስት ቁጥር ዛሬ እሳት ሆኗል!» አለ። ሒሳቡ እንዲህ ነበር፤ ዝም ካለ እንድሳሳት ይፈልጋል፣ ጠላት ነው። በጆሮዬ ሹክ ካለኝ ወዳጅ ነው።

ጎርፉ ግን ማይኩ ክፍት ነበር። ለአንድ አፍታ ተደናገጠና፣ እዚያው ማይኩ ላይ፣ «አድማጮቼ፣ አምስት ቁጥር ዛሬ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው ያለው። ይሄ የሚሮጠው አሥራ አምስት ነው፤ አሥራ አምስት! የተሳሳተ ካለ እንዳይሳሳት!» አለ።

አገር ምድሩ ሰማው። ንስሩን ሕዝቡ ሁሉ የሳቀበት መሰለው። ጎርፉ ክንዱን ነካ አደረገው፤ እሱ ግን ክንዱን መንጭቆ ወደ ዳር ዞረ።

በዚያ ሳምንት «ከጥግ ወንበር» እንዲህ ይል ነበር፦ «አንድ ወዳጅ አለኝ። ድሮ ኳስ ያስተላልፍ ነበር፣ አሁን ማሊያ ነጋዴ ሆኗል። ሰባት አለ፣ ዘጠኝ አለ፣ አሥራ አምስትም አለ፤ የቀረው ልኩን መጠየቅ ብቻ ነው። ሰው ጨዋታ ልስማ ብሎ ሬዲዮ ይከፍትና የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይገባል። ጎል ሲገባ ደስ የሚለን ጎል ስለገባ አይደለም፤ ቆጠራው ለትንሽ ጊዜ ስለሚያርፍልን ነው።»

አቤት ሰው ሲስቅ! በየሻይ ቤቱ «ማሊያ ነጋዴው» ተባለ። ሬዲዮ ጣቢያው ቀድሞም ቅሬታ ይሰማ ነበረና አሁን ስልኩ አላርፍ አለ። ጎርፉ «ለጊዜው ዕረፍት ላይ ነው» ተባለ። «ለጊዜው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቃል። ንስሩ ደስ አለው? አዎ፣ ደስ አለው። በመንገድ ላይ ሰው እያስቆመ ሲያመሰግነው ደረቱን ነፋ።

ባለቤቱ መጽሔቱን አንብባ ስትጨርስ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ታዲያ ማን ይጻፈው?»

«ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «እኔ ነኝ እኮ የለመንኩት! ብልቃጡን አግኝቼ መድኃኒት ቤት ወስጄ አስነበብኩት። በሌሊት ተነስተህ ግድግዳ እየዳበስክ ስትሄድ እያየሁ ምን ላድርግ? እሱ ዘንድ ሄጄ ‹ቁጥሩን ጮክ ብለህ ጥራለት፣ እሱ ብቻ እንዳያውቅ› አልኩት። ‹አድማጭ ይሰለቻል፣ ግን ይሁን› አለኝ። አለቆቹ ስንት ጊዜ ጠርተው ተቆጡት። ‹እኔ እንዲህ ነው የማስተላልፈው› ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። የስታዲየሙ ሰዎች ጋዜጠኞችን ሁሉ ላይኛው መስታወት ቤት ሊያወጡ ነው፣ እዚያ ድምፅ አይሰማም ብሎ ስለ ወንበርህ ሊለምን አለቃህ ዘንድ የሄደውም እሱ ነው። ደረጃ መውጣት ለጉልበትህ አይሆንም ብሎ ዋሸላት። ለአንተ!»

ንስሩ መጽሔቱን ገልብጦ አስቀመጠው። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«ብንነግርህ ታምነን ነበር?»

ንስሩ ልጅ ሆኖ እንኳን እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ስልኩን አንስቶ ጎርፉ ዘንድ ደወለ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። «ቁጥሬን አይቶ ነው የማያነሳው» አለ። ስንቴ በከንቱ የጠረጠረ ሰው ይህችን በትክክል ጠረጠረ።

ከዚያ የሚቀጥለው ጨዋታ ዋንጫው የሚለይበት ነበር። ሌሎቹ ጋዜጠኞች ላይኛው መስታወት ቤት ወጥተዋል፤ ታችኛው ረድፍ ላይ ከጋዜጣ ሰዎች ንስሩ ብቻ ቀረ። በጎርፉ የድሮ ቦታ አዲስ አስተላላፊ ተቀምጧል፤ ድምፁ ማር ነው፣ አንደበቱ ቅኔ ነው። «ኳሷ ትሄዳለች፣ ኳሷ ትመጣለች፣ ኦ፣ ምንኛ ታምራለች ይህች ኳስ!» ይላል። ማን ጋ እንዳለች ግን የሚናገር የለም። ንስሩ ሜዳውን አየ፤ አረንጓዴ ላይ ቀይና ነጭ ነጠብጣቦች ይራወጣሉ። ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ አንድ መስመር አልጻፈም። እንዲህ ብቻውን ሆኖ አያውቅም ነበር።

ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ መካከለኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ንስሩ ፊቱን ሳያይ፣ በሳሉ አወቀው። ጎርፉ ነው፤ የበሩ ዘበኛ አሳልፎታል። ሰላም አላለም። ንስሩ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ሁለቱ የአጋማሹን ዕረፍት ጨምሮ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ተቀመጡ፤ ጎርፉ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደሚችል ያን ቀን ገና ታወቀ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ በሩቁ ጎል፣ ከማዕዘን የተመታች ኳስ ግርግር ውስጥ ወደቀች። ስታዲየሙ ፈነዳ። ጎል! ንስሩ ያየው የተደራረበ ቀይ ክምር ብቻ ነው። አዲሱ አስተላላፊ ተነስቶ «አሥራ አንድ ቁጥር! ታሪክ ሠራ!» እያለ ጮኸ።

ንስሩ እስክሪብቶውን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው። ወደ ጎርፉ ዞረ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ጠይቆት የማያውቀውንም ጠየቀው።

«ማን ነው ያገባው?»

«አንተ ንስሩ አይደለህ እንዴ? አላየህም?» አለ ጎርፉ፣ ከሜዳው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል።

«አላየሁም።»

ጎርፉ ወደ እሱ ዞረ። ከዚያ፣ ድሮ ማይኩ ላይ እንደሚለው ሳይሆን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰባት ቁጥር» አለ። «በግራ ጉልበቱ።»

አሁን የንስሩ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደተነሳ ልንገራችሁ። ሬዲዮው አሥራ አንድ ብሏል። ይሄ ደግሞ በእሱ ጽሑፍ የተነሳ ከሥራው የተባረረ፣ በየሻይ ቤቱ የተሳቀበት ሰው ነው። መበቀል ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ያገኛል? ዋንጫ በለየ ጎል ላይ የተሳሳተ ስም ከወጣ የንስሩ ነገር አበቃ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር አለ ልቡ፤ እንዲህ በማለቱም ተሸማቀቀ።

የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ፤ ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ናት። «ጋሼ፣ ገጹ እየጠበቀዎት ነው፤ ይንገሩኝ።»

ነገራት። ያየውን ሰማይ፣ የሰማውን ጩኸት፣ ከዚያም «ሰባት ቁጥር በግራ ጉልበቱ አስቆጠረ» አለ።

«ሰባት? ጋሼ፣ ሬዲዮው አሥራ አንድ ነው ያለው። በዓይንዎ አይተዋል?»

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። «አሥራ አንድ ይሁን» ማለትም ቀላል ነበር፤ ቢሳሳት እንኳን ከሬዲዮው ጋር ነው የሚሳሳተው። ከጎኑ ጎርፉ ቦርሳውን እያስተካከለ ነበር፤ ሆን ብሎ እንዳልሰማ ሆኗል።

«አላየሁም» አለ ንስሩ።

«ምን አሉኝ?»

«አላየሁም፣ የኔ ልጅ። ሩቁን ማየት ካቆምኩ ቆየሁ። እስከ ዛሬ ያነበብሽው ሁሉ ጎርፉ እየጠራልኝ የጻፍኩት ነው። አሁንም አጠገቤ ነው፤ ያየው እሱ ነው። ሰባት ካለ ሰባት ነው። እንደዚያው ይውጣ።»

 «ትንሽ ይጠብቁኝ» አለችና ዘጋች። ጎርፉ ቦርሳውን ማስተካከሉን ትቶ ነበር።

ሁለቱ ተቀምጠው ጠበቁ። ሕዝቡ እየዘፈነ ይወጣል፤ አዲሱ አስተላላፊ ሽቦውን ይጠቀልላል። ንስሩ ከጎኑ ያለውን ሰው «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አልጠየቀም። አፉ ላይ መጥታ ነበር፤ ዋጣት። በሕይወቱ ከዋጠው ሁሉ መራራዋ እሷ ነበረች።

ስልኩ እንደገና ጠራ። «ጋሼ፣ የፎቶ አንሺያችን ምስል ደረሰ። ሰባት ነው፤ በጉልበቱ።»

«አውቃለሁ» አለ ንስሩ።

«እ… ነገ ጠዋት ቢሮ ይምጡ፣ እንነጋገራለን።» ድምጿ የአክብሮት ነበር፤ የኀዘንም ነበር። ንስሩ አልጠረጠራትም። ወንበሩ እንደሄደች አወቀ፤ የሚገርመው ግን ያሰበውን ያህል አለመጨነቁ ነው።

ስልኩን ኪሱ ከተተና «በድዬሃለሁ» አለ።

«አዎ፣ በድለኸኛል» አለ ጎርፉ። «ምንም አይደል እንድልህ አትጠብቅ፤ ከባድ ነገር ነው። ጽሑፏ ግን ታስቃለች። ‹ማሊያ ነጋዴ› የምትለዋን ሚስቴ ስታነብ ሳቋ አመለጣት፤ አኩርፌያት ነው የሰነበትኩት።»

ንስሩ ሊስቅ ሲል እንባው ቀደመው። በእጅጌው ጠረገና «እንግዲያው ለምን እውነቱን ነገርከኝ? አሥራ አንድ ብትለኝ እኮ ጉድ አድርገኸኝ ነበር» አለው።

ጎርፉ እንደ ሞኝ አየው። «እና ያገባው ልጅ ምን አደረገኝ?»

 ተነሱ። ቀኑ እየደበዘዘ ነበርና ደረጃው ለንስሩ አንድ ግራጫ ቁልቁለት ሆኖበት ቆመ። ድሮ ሁሉም ሰው እስኪወጣ ጠብቆ፣ የብረቱን መደገፊያ ይዞ፣ በጫማው ጫፍ እየነካካ ነበር የሚወርደው። አሁን የጎርፉን ክንድ ያዘ።

«ደረጃ» አለ ጎርፉ፣ በዚያ አገር በሚያውቀው ድምፁ። «ሰፊ ደረጃ፣ ወደ ታች። ቀጥሎ ሌላ ደረጃ፣ ጠባብ፣ ወደ ግራ!»

ከፊታቸው የሚወርዱት ደጋፊዎች ዞረው «ማሊያ ነጋዴው!» እያሉ ሳቁ። ንስሩ አላቸው፦ «ዝም በሉ፣ እንስማበት!» ከዚያም በጫማው ጫፍ ሳይነካካ እግሩን አሳረፈ።